ወንዝ መሀል የቆመው ለፋፊ

«አንድ ሰው ነበረ» አሏት ጋሽ ደምለው። ይህን ካሏት ብዙ ዓመት ሆነ።

ይታይሽ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አዝላ ነበር ወደ እሳቸው የሄደችው። የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ የተቋቋመው ከየቤቱ በተዋጣ ገንዘብ ነው፤ እሷም ቲማቲም ሸጣ አዋጥታለች። ያን ዕለት ጠዋት ግን ያው ሬዲዮ፣ አውቶቡስ ተራ የሚቸረችሩ ሴቶች «በፈቃዳቸው ቦታውን ለቀቁ» ብሎ አወራ። እሷ ደግሞ ደንብ አስከባሪዎች ቲማቲሟን በጫማ ሲረግጡት ቆማ አይታለች። ባሏ «ይሄን የሹም አፍ ድንጋይ ላይ ፈጥፍጪው! የኛን የሚያወራ ጣቢያ መች ጠፋና!» አለ። ጎረቤቷ ደግሞ በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ «ምን አጠፋ? እናንተ ስትነኩ ብቻ ነው አደላ የምትሉት» አለቻት።  ለዚህ ነው ይታይሽ እድሩን የሚዳኙትን ሽማግሌ፣ ጋሽ ደምለውን፣ «ጋሼ፣ ያደላ ሬዲዮ ይዘጋል ወይስ ይሰማል?» ስትል የጠየቀቻቸው።

ሰውየው ለፋፊ ነበረ አሏት። በወንዝ ግራና ቀኝ የሰፈሩ ሁለት መንደሮች በየመከሩ እህል ይሰፍሩለታል፤ እሱም ጥሩንባውን እየነፋ፣ ሞትም ይሁን የጠፋ ከብት፣ ለሁለቱም ይለፍፍላቸዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ውሸታምም አይባልም። ብቻ መወደድ ይወድ ነበር። አንድ ነገር ሲሆን ወዲህ ማዶ የወዲህኞቹን ደስ የሚያሰኘውን ጎኑን ይናገራል፤ ሲሻገር ደግሞ የወዲያኞቹን ደስ የሚያሰኘውን። ሁለቱም መንደር «የኛ ለፋፊ እኮ!» እያለ ይመርቀዋል።

መንደሮቹ ማሳቸውን የሚያጠጡት ከዚያው ወንዝ በተራ ነው። አንድ ቀን የወዲህ ማዶ ገበሬ ውሃውን ወደ ማሳው ሊቀለብስ ሄዶ ከወዲያ ማዶ ሰው ጋር ተጣላ። በዶማ እጀታ ተመታና ወድቆ ቀረ። መቺው ለማንም ሳይናገር ቤቱ ገባ። ጠቡን ከሩቅ ያየው ለፋፊ ወዲህ ማዶ ቆሞ «በወዲያ ማዶ ሰው እጅ ተገደለ!» አለ። ተሻግሮ ደግሞ «ውሃ ሲቀለብስ ወድቆ አረፈ» አለ። ሁለቱም እውነት ነው። መትተውታል፤ ወድቋልም።

በዚያ አገር ደሙ በዕርቅ ሳይደርቅ የገዳይ ወገን የሟችን ለቅሶ ቤት አይረግጥም። ከረገጠ ንቀት ነው፤ ለንቀትም ሌላ ደም ይፈስሳል። የወዲያ ማዶ ሰዎች ግን ያልተነገራቸውን ከየት ያውቁታል? ለሐዘንተኛ የሚወሰደውን እዝን በመሶብ ተሸክመው፣ እያለቀሱ ወንዙን ተሻገሩ። ከፊት የምትመራቸው የመቺው እናት ነበረች።

የሟች ሚስት ከድንኳኑ ሥር ሆና አየቻቸው። ደሟ ፈላ። ጎረምሶቹ «ገድለው ሊያለቅሱ መጡ!» እያሉ ዱላ አነሡ። እሷም «አትማሩልኝ!» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። አሮጊቷ ግን እግሯ ሥር ተደፍታ «ልጄ፣ የልጄ እኩያ እኮ ነው፤ ምነው እግሩን አይቶ በረገጠ!» እያለች ትነፈርቃለች። የማስመሰል እንባ አልነበረም። የሟች ሚስት ዱላዎቹን በእጇ አግዳ ጠየቀቻት።

«እማማ፣ ለፋፊው ምን ብሎ ነገራችሁ?»

«ወድቆ አረፈ አለና! ሌላ ምን ይበል?»

«ለኛ ግን ተገደለ ብሎን ነው» አለቻት። ወዲያው ጫጫታው ፈነዳ። ወዲህኞቹ «ይሄን ባለ ሁለት ምላስ አባርረን የራሳችንን ለፋፊ እንቅጠር!» አሉ። ወዲያኞቹም «እኛስ ማን አነሰን? የራሳችንን እንቀጥራለን!» አሉ።

ሴትዮዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ተነሣች።

«ማንም አያባርረውም! እህሌን በልቶ ነው የሚነፋው። ለየራሳችሁ ቅጠሩና የየራሳችሁን ወሬ ጥገቡ፤ ነገ እንደነዚህ ሳታውቁ ተሻግራችሁ ትሞታላችሁ።»

ከለቀስተኛው መሀል የተቀመጠውን ለፋፊ እጅጌውን ይዛ ጎተተችው። ወንዙ መሀል ያለው ቋጥኝ ላይ አቆመችው። ሰውም ወደየመንደሩ ዳር ወጥቶ በግራና በቀኝ ቆመ።

«ንገር።»

«ምን ልበል፣ እህቴ?»

«እነሱም እኛም እኩል የምንሰማውን።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይከፋሻል እኮ» አላት።

«ይክፋኝ! ንፋ!»

ነፋ። ማን በምን እንደመታ በስሙ ጠርቶ ተናገረ። ወዲያ ማዶ የአሮጊቷ መሶብ ከእጇ ወደቀ። ቀጥሎም ሟቹ ውሃውን ሊወስድ የሄደው ተራው ሳይደርስ እንደነበር ተናገረ። ወዲህ ማዶ ዱላ የያዙት አንገታቸውን ደፉ። ሴትዮዋ ይህን ታውቅ ነበር፤ ባሏን አትሂድ ብላ ለምናው ነበር። አሁን በአገር ፊት ተሰማ። ፊቷ እሳት ሆነ። በቃህ ግን አላለችውም።

«ድገመው» አለችው። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

የወዲያ ማዶ ሰዎች በነጋታው ሽማግሌ ላኩ። ዕርቁ ብዙ አስቸገረ፤ ሌላ ሰው ግን አልሞተም።

ጋሽ ደምለው ወደ ይታይሽ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ ለፋፊው ያ ሬዲዮናችሁ ነው። እህሉ ያንቺ መዋጮ። መንደሮቹ ደግሞ ባልሽና ጎረቤትሽ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ደስ የሚላቸውን ሲነግራቸው አላደላም ይሉታል። ብትዘጊው ለሹሙ ለቀቅሽለት ማለት ነው። ዝም ብለሽ ብትሰሚውም ያው ነው። ያንቺ ነውና ጎትተሽ መሀል አቁሚው። ግን ዕወቂ፤ መሀል ከቆመ፣ እናንተም አውቶቡስ መግቢያው ላይ ዘርግታችሁ መንገድ መዝጋታችሁን ይናገራል።»

«ይናገር!» አለች ይታይሽ።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደች። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ «ማንን ፈልገሽ ነው?» አላት።

«ዜና የሚያነበውን።»

«ዛሬ አይመቸውም። ሌላ ቀን ነይ፣ እህቴ።»

ይታይሽ ልጇን ከጀርባዋ አወረደች፤ በበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠችና ጡት አጎረሰችው።