ከሐይቅ የወጣ ሁሉ

አንድ ሐይቅ ዳር ባለ የምርምር ተቋም ውስጥ ዶክተር መንበሩ የሚባሉ ኃላፊ ነበሩ። ያወጡት ደንብ ንቅንቅ አይልም፤ በመረብ ከሐይቁ የወጣ ነገር ሁሉ ተለክቶ፣ ምልክት ታስሮበት ወደ ውኃው ይመለሳል። አንዲት ምላሷ የማያርፍ ተማሪ ለእራት ያሰበችውን ወፍራም አምባዛ ዓሣ እንኳ፣ ዘይቱ ግሎ ሳለ፣ አስመልሰዋታል። ያ ነገር ከሆዷ አልወጣም ነበር።

አንድ ቀን ኃላፊው ከተማሪዎቹ ጋር በጀልባ ወጡ። ስለ ጥንቃቄ ንግግር ሊያደርጉ ብድግ ብለው፣ "ማንም ሰው ጀልባ ላይ እንዳይቆም!" ሲሉ ጀልባዋ ዘንበል አለችና ሐይቁ ውስጥ ገቡ። ተማሪዎቹ ተረባርበው በዓሣ መረብ ጎትተው አወጧቸው። ያቺ ተማሪ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ዶክተሩ እመረቡ ውስጥ እንደተጠቀለሉ አፈጠጡባት።

"ምን ያስገለፍጥሻል? እኔ አልወደቅኩም! ወድቀዋል የሚል ተማሪ ዘንድሮ አይመረቅም። እስቲ አንቺ፣ ሁሉም ፊት ተናገሪ፤ ወድቄያለሁ?"

 ተማሪዋ የዓሣ መለኪያውን ሜትር አነሳች።

"ኧረ እርስዎ ምን ሲደረግ ይወድቃሉ፣ ዶክተር! የወደቀ ሰው ቢሆኑማ ፎጣ እንሰጥዎ ነበር። ካልወደቁ ግን በመረብ ከሐይቁ የወጡ ነዎት፤ ደንቡ ደግሞ የራስዎ ነው" አለችና ወደ ጓደኞቿ ዞረች። "በሉ በጅራታቸው በኩል ያዙልኝ፤ ለክተን እንመልሳቸው።"

"ፎጣ!" ብለው ጮኹ ዶክተሩ። "ኧረ ፎጣ አምጡልኝ!"