ማንም ያልሞከረው ገጽ

አንድ እድሜ የተጫነው እድር ነበር። በደጉ ጊዜ ሠፈሩን በሙሉ የቀበረ፣ ያስተዛዘነ፣ ድንኳኑ ከአንዱ ደጅ ሲነቀል ከሌላው ደጅ የሚተከል እድር ነበር። ኋላ ሠፈሩ ፈረሰና ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። ወጣቶቹ በየሄዱበት አዲስ እድር እየገቡ አሮጌውን ረሱት። የቀሩት ሽማግሌዎችና የደከማቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከደከማቸውም ሁሉ የባሰባት የእድሩ ጸሐፊ አስካለ ነበረች።

አስካለ አስተማሪ ናት። "ለአንድ ዓመት ብቻ ያዢልን" ተብላ የያዘችውን ጸሐፊነት የሚረከባት ጠፍቶ ጠጉሯ ሸበተበት። ሰው ሲሞት የምትጠራው እሷ፣ ሰው ሲጣላም የምትጠራው እሷ ናት። በቃኝ ለማለት እንኳ ስብሰባ መጥራት ያለባት እሷው ነበረች።

አንድ እሑድ የእድሩ ዳኛ አቶ ይርጋ በስብሰባ መሀል ብድግ አሉ።

"ጎበዝ፣ አለቅን!" አሉ። "የወንዝ ማዶው እድር ድረ ገጽ አሠርቷል። የገበያው ሠፈርም አሠርቷል፣ የላይኛው ሠፈርም አሠርቷል። ልጆቻችን በስልካቸው እያዩ ወደዚያ እየነጎዱ ነው። እኛ ዛሬም ጡሩምባ እናስነፋለን። አስካለ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የሁሉንም እይና ምርጥ ምርጡን አምጪልን። ከማን እናንሳለን?"

እምቢ ማለት ብዙ ንግግር ይጠይቃል፤ እሺ ማለት ግን አንድ ቃል ነው። አስካለ "እሺ" አለች።

በማግሥቱ ትምህርት ሲለቀቅ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጫማዋን አውልቃ ስልኳን ከፈተች። የገበያው ሠፈር እድር ከሰማይ በድሮን የተቀረጸ ፊልም አለው፤ ያምራል፣ ግን ፊልሙ ሳያልቅ የስልኳን የኢንተርኔት ጥቅል ጨርሶ በላባት። ሌላ ጥቅል ገዝታ የላይኛውን ሠፈር ከፈተች። እዚያ የዳኛው ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ከፎቶው በታች "ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት" ይላል። የእድር ራዕይ ምን ይሆን ብላ ብቻዋን ሳቀች። የወንዝ ማዶው ግን ደስ አላት። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ በሥርዓት ይታያል። "ሐዘን ለማሳወቅ" የሚል ቦታም አለው። ነካችው። "የሟች ስም" የሚል ባዶ ቦታ ተከፈተላት።

ጣቷ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማየት የሰው ስም መጻፍ ሊኖርባት ነው። የማንን? የባሏን? የእህቷን? በሕይወት ያለን ሰው ሟች ብሎ መጻፍ ሟርት ነው። አማተበችና ዘጋችው። የሚሠራ ይመስላል ብላ ለራሷ ነገረችው፤ ሰው ሲደክመው የሚመስለውን ነገር ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይቀበላል።

ኮሚቴውም መረጠ። ከገበያው ሠፈር ፊልሙ ተወሰደ። ከላይኛው ሠፈር የዳኛው ትልቅ ፎቶ ተወሰደ፤ በዚህኛው አቶ ይርጋ አጥብቀው ተከራክረውበታል። የቀረው ሁሉ ከወንዝ ማዶው እንዲቀዳ ተወሰነ። የድረ ገጹ ሠሪ ኪሩቤል የሚባል ጨዋ ወጣት ነበር። ሥራውን ሊያስረክብ ሲመጣ አንድ ነገር ጠየቀ።

"ሐዘን ማሳወቂያው አልተሞከረም። የአንድ ሰው ስም ስጡኝና እንየው።"

ሰዉ ሁሉ አማተበ።

"የማንን ስም?" አሉ አቶ ይርጋ።

"የፈለጋችሁትን፤ ለሙከራ እኮ ነው።"

"ጠላትህ ይሙት! ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። ተወው።"

ሴቶቹ "ወግድልን!" እያሉ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ኪሩቤል ወደ አስካለ ተመለከተ። ልጁ እውነቱን እንደሆነ አውቃዋለች፤ አንድ ቃል ብትጨምርለት ይበቃ ነበር። ግን የተማሪዎቹ ፈተና እርማት ቤት ተቆልሎ ይጠብቃታል፣ እግሯም አብጧል። "ይቅር፣ ተወው" አለችው። እሱም ከወንዝ ማዶው የቀዳውን ገጽ እንዳለ ተወው።

ድረ ገጹ በጭብጨባ ተመረቀ። አቶ ይርጋ፣ "ከእንግዲህ ሐዘን የደረሰበት ሰው በየቤቱ መሮጥ ቀረለት፤ በስልኩ ይጻፍ፣ እድሩ ከተፍ ይላል!" ብለው አወጁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ያን ቀን ግን በደንብ አድርጎ አድምቋቸው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የእድሩ አባል እማማ ጥሩወርቅ በእንቅልፋቸው እንዳሉ አረፉ። ማልዳ ያገኘቻቸው ልጃቸው ፍሬሕይወት ናት። ባላቸው ጋሽ ላቀው በሚቀጥለው ክፍል ተኝተዋል፤ ዓይናቸው አያይም፣ ልባቸውም ታማሚ ነው። ሐኪሙ "ድንገተኛ ነገር እንዳይሰሙ" ብሎ አስጠንቅቋል። እንዲህ ላለ ሰው መርዶ የሚነገረው በወግ ነው። ሽማግሌዎች መጥተው፣ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ እያዋዙ ነው የሚያረዱት። ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ቀጭን ግድግዳ ነውና ፍሬሕይወት ብታለቅስ ይሰማሉ፤ ስልክ ብትደውልም ይሰማሉ። የእድሩ ድረ ገጽ ትዝ ሲላት እግዜር ይስጣቸው አለች። ሳትተነፍስ የእናቷን ስም ጻፈች፣ አድራሻውን ጻፈች፣ ላከችው።

መልስ ወዲያው መጣላት፤ "ስለመረጡን እናመሰግናለን። በድጋሚ እንደሚጎበኙን ተስፋ እናደርጋለን።"

አነበበችው። ለመናደድ እንኳ አቅም አልነበራትም፤ ደርሷቸዋል ብላ ብቻ አሰበች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

"ፍሬ፣ እናትሽ ተነሣች?" አሉ አባቷ ከዚያኛው ክፍል።

"አልተነሣችም አባዬ። ደክሟታል።"

"ተያት ትተኛ። ሌሊቱን ስታስል ነው ያደረች።"

ቁርሳቸውን አቀረበችላቸው። ረፈደ። አሁንም ጠየቋት፣ አሁንም ደክሟታል አለቻቸው። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር እድሩ መጣ እያለች በሩን ትከፍታለች፤ እድሩ ግን የለም።

ይህን ሁሉ አስካለ የሰማችው ኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ሰሌዳ ፊት ቆማ ታስተምር ነበር። ለምሳ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። የወንዝ ማዶው እድር ዳኛ አቶ ፈለቀ ናቸው።

"አስካለ፣ እማማ ጥሩወርቅ የእናንተ አባል ናቸው እንዴ?"

"አዎ፣ ምነው? ምን ሆኑ?"

"አርፈዋል። ልጃቸው የጻፈችው እኛ ዘንድ ነው የመጣው። የእኛ አባል እንዳልሆኑ አይተናል፤ ግን ሬሳ ተቀምጦ የማን ነው አይባልም ብለን መጣን። ሕንጻውን ስንፈልግ ነው የረፈደብን። ሽማግሌዎቻችን ጋሽ ላቀውን አርድተዋል። ድንኳኑንም እየተከልን ነው። ኑ እንጂ።"

ገጹ ከእነሱ እንዳለ ሲቀዳ መልእክቱ የሚሄድበት የእነሱ ስልክ ቁጥርም አብሮ ተቀድቶ ኖሯል።

አስካለ እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። በሕንጻው ሥር የሌላ እድር ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበሮቹ ጀርባ ላይ የሌላ እድር ስም ተጽፏል። ወደ ላይ ወጣች። ጋሽ ላቀው በማያውቋቸው ሁለት ሽማግሌዎች መካከል ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ድምፅዋን ሲሰሙ ቀና አሉ።

"አስካለ ነሽ?"

"ነኝ ጋሼ።"

"ሠላሳ ዓመት አብረናችሁ ቀበርን። ዛሬ የት ነበራችሁ?"

ፍሬሕይወት መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። "እትዬ አስካለ፣ ከማለዳ ጀምሮ ስጠብቃችሁ... እናትሽ ተነሣች ወይ ሲለኝ፣ ደክሟታል ስለው..." አለችና ጠዋቱን ሙሉ አፍና የያዘችውን ልቅሶ ለቀቀችው። አስካለ ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሥር አቶ ፈለቀ አጠገብ ተቀመጠች።

"ድረ ገጻችሁን አይቼው ነበር" አለቻቸው። "ያምራል ብዬ ነው ያስቀዳሁት።"

"እኛም የምናውቀው ማማሩን ነበር" አሉ አቶ ፈለቀ አንገታቸውን ደፍተው። "ያንን 'ስለመረጡን' የሚለውን ያየነው ዛሬ ልጅቷ ስታሳየን ነው። ሠሪው ከአንድ የልብስ ሱቅ ድረ ገጽ ያመጣው ይመስለኛል። ማን ሞክሮት! በሕይወት ያለ ሰው ስም ማን ይጽፋል?"

ከሠልስቱ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ሰዉ ሁሉ ኪሩቤል ላይ ወረደበት። አስካለ እስኪደክማቸው ጠበቀችና ተነሣች።

"ልጁ እንሞክረው ብሎን ነበር" አለች። "እምቢ ያልነው እኛ ነን። እኔም እውነቱን እንደሆነ እያወቅሁ ዝም አልኩ። አሁን ቁጥሩን ያስተካክለውና እንሞክረው።"

"መልሱስ ምን ይበል?" አለ ኪሩቤል በፍርሃት።

"ይሄም ይጠየቃል?" ብለው ተቆጡ አቶ ይርጋ። "ሰው ሲሞትበት ምን ይባላል? እግዜር ያጥናችሁ፣ እየመጣን ነው ይባላል እንጂ!"

ኪሩቤል እንደተባለው አደረገ። ከዚያ "የማንን ስም?" የሚለው ጥያቄ እንደገና መጣ። አስካለ ስልኳን አወጣች። "የሟች ስም" በሚለው ቦታ ላይ "አስካለ ደርሰህ" ብላ ጻፈች።

"ተይ አንቺ ሴት!" ብለው ጮኹ አቶ ይርጋ።

"ሞት እንደሆነ ባልጽፍለትም ስሜን ያውቀዋል" አለችና ላከችው።

የአቶ ይርጋ ኪስ ውስጥ ስልካቸው ጮኸ። አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉና እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ "አስካለ ደርሰህ አርፋለች፤ አድራሻ..." ከዚያ በላይ አልቻሉም። ፊት ለፊታቸው ቆማ እያዩዋት ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ሴቶቹም በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

አስካለም የራሷን ስልክ ተመለከተች። "እግዜር ያጥናችሁ። እየመጣን ነው" ይላል። ይህች ሴት እድሜዋን በሙሉ ወደ ሰው ቤት ስትሄድ የኖረች ናት፤ እየመጣን ነው ያላት ሰው መቼ እንደነበር አታስታውስም። ለሙከራ የተጻፈ መሆኑን እያወቀች ተቀምጣ አለቀሰች።

ወዳጆቼ፣ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው የጎረቤቱን ቤት ቢያይ ብልህ ነው፤ ያየውን መልካም ነገር ቢወስድም ነውር የለበትም። ግን አብዛኞቻችን የምናየው ጠግበንና አርፈን፣ ምንም ሳይጎድልብን ነው። በዚያ ዓይን ያየነው ቤት ሁሉ ያምራል። ለሰው የምንሠራው ነገር ልኩ የሚታወቀው ግን ክፉ ቀን የደረሰበት ሰው በሩን ሲያንኳኳ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ በፊት እኛ ራሳችን፣ ቢያስፈራንም ቢደክመንም፣ እንደ እሱ ሆነን ማንኳኳት አለብን። እናንተስ ለሰው ብላችሁ የሠራችሁትን ነገር በችግረኛው ቦታ ተቀምጣችሁ የሞከራችሁት መቼ ነው?