ሦስት ዓመት ያልተዘጋው ኮምፒውተር

ስሙኝማ፤ ውሸቱ በቁንጣሪ፣ እውነቱ በቁና ነው።

ብርዱ ከመክፋቱ የተነሳ ዶሮዎች እንቁላላቸውን በሹራብ ጠቅልለው የሚጥሉበት ከተማ ነበረ። በዚያ ከተማ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበረ። በፋብሪካው መጋዘን ውስጥ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ነበረ። ዳንቴል ለብሷል፤ ከዳንቴሉ ላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ላይ ብርድ ልብስ ደርቧል። ከተገዛ ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም። መብራት ሲሄድ እንኳ በጄኔሬተር እየታገዘ ነቅቶ ያድራል። «ልታደስ?» ብሎ በጠየቀ ቁጥር የመጋዘን ኃላፊው ጋሽ ጌጤነህ «በኋላ» የምትለዋን ይጫናሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከመጫናቸው የተነሳ የጣታቸው ጫፍ ጎድጉዶ ጨው ይቀመጥበታል።

የፋብሪካው የኮምፒውተር ባለሙያ ፈትለወርቅ ትባላለች። ቀጭን ናት፤ ነፋስ እንዳይወስዳት ኪሷ ውስጥ ሦስት ፍላሽ ይዛ ነው የምትሄደው። ሐሙስ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ወንዝ ማዶ ካለው የክር ፋብሪካ ጓደኛዋ ናት።

«ፈትሌ፣ አለቅን! ሌባ ገባ!»

«በየት በኩል?»

«በኮምፒውተሩ! ያለንን ሁሉ ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ማሽኑ ቆሟል፣ ሠራተኛው ሜዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የገባው ኮምፒውተሩን በሚቀሰቅሰው፣ ባልታደሰው ፈርምዌር በኩል ነው። እናንተም ጋ ያው ዓይነት ኮምፒውተር አለ፤ ወደዚያ እየመጣ ነው!»

ፈትለወርቅ ማደሻውን በፍላሽ ይዛ መጋዘን ገባች። የምትፈልገው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ግማሽ ሰዓቷን ካጣች አራት መቶ ሠራተኛ ነገ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሊሞቅ ነው።

«ታደስ» አለችው ኮምፒውተሩን።

«ካልተዘጋሁ አልታደስም» አላት።

«ጋሽ ጌጤነህ፣ ግማሽ ሰዓት ልዝጋው።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? ሁለት ሺህ ብርድ ልብስ መኪና ላይ ተጭኗል፤ ዝርዝሩ ያለው እዚህ ሆዱ ውስጥ ነው። ከተዘጋ ይነሳል ያለሽ ማነው? ሰው እንኳ ተኝቶ መነሳቱ አይታወቅ! መኪናው ከግቢ ካልወጣ አልዘጋም።»

መጋዘኑ አልዘጋም አለ፣ ኮምፒውተሩ አልታደስም አለ፣ ሌባው መጣሁ፣ መጣሁ አለ!

ፈትለወርቅ ወደ መኪናው ሮጠች። ሹፌሩ አወል እግሩን በመስኮት አውጥቶ ጋደም ብሏል።

«አወልዬ፣ በአላህ ውጣልኝ!»

«እህቴ፣ እኔ መች ሥር ሰደድኩ? ማኅተም ያረፈበት የመውጫ ወረቀት አምጪልኝና አዋሽን በአንድ ትንፋሽ ነው የምሻገረው። ያለ ወረቀት ግን ጎማዬ አይዞርም።»

መኪናው አልወጣም አለ፣ መጋዘኑ አልዘጋም አለ፣ ኮምፒውተሩ አልታደስም አለ፣ ሌባው መጣሁ፣ መጣሁ አለ!

ፈትለወርቅ ወደ ማኅተሙ ሮጠች። ማኅተሙ ያለው እትዬ የሺመቤት አንገት ላይ ነው። ሌት ተቀን አንገታቸው ላይ ከማሰራቸው የተነሳ የፋብሪካው ስም ደረታቸው ላይ ታትሟል።

«እትዬ፣ ወረቀቱን በእጄ ልጻፈው፤ ማኅተም ያሳርፉልኝ።»

«ወግጂ! በእጅ የተጻፈ በር ላይ አይቀበሉም። ከፕሪንተር ካልወጣ ማኅተሜ አያርፍም።»

ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ መኪናው አልወጣም አለ፣ መጋዘኑ አልዘጋም አለ፣ ኮምፒውተሩ አልታደስም አለ፣ ሌባው መጣሁ፣ መጣሁ አለ!

ፈትለወርቅ ወደ ፕሪንተሩ ሮጠች። ፕሪንተሩ ጥርር አለ፣ ጭርር አለ፣ ወረቀቱን ነክሶ ቀይ መብራት አበራ።

«እባክህ አንዲት ገጽ አትምልኝ!»

«እኔና ኮምፒውተሩ የምንግባባው በአስተርጓሚ ነው፤ ድራይቨር በምትሉት። አስተርጓሚያችን አርጅቷል። ኮምፒውተሩ ‹አትም› ሲል እኔ ጋ የሚደርሰው ‹ተኛ› ሆኖ ነው። ድራይቨሬ ካልታደሰ አላትምም።»

«ድራይቨርህ የት ነው ያለው?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ። እሱም ተዘግቶ ካልተከፈተ አይታደስም።»

ፈትለወርቅ እዚያው ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። እባቡ ዞሮ የገዛ ጅራቱን ነከሰ! ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ መኪናው አልወጣም አለ፣ መጋዘኑ አልዘጋም አለ፣ ኮምፒውተሩ አልታደስም አለ፣ ሌባው መጣሁ፣ መጣሁ አለ!

ስልኩ እንደገና ጮኸ። «ፈትሌ፣ አሁን ደግሞ የዱቄት ፋብሪካውን ቆለፈው! ድልድዩን ተሻግሯል!»

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። ፈትለወርቅ ግን የሰማችውን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው ለቀመችው። አንዱ ላይ ስትደርስ ጠጠር አገኘች። «በር ላይ አይቀበሉም።» ማን ነው የማይቀበለው? በሩ ላይ ያሉት ዘበኛው አባባ ድንቁ ናቸው። ፋብሪካው ከመንቃቱ በፊት የሚነቁ፣ ዶሮን ሳይቀር የሚቀሰቅሱ እሳቸው ናቸው።

ሮጠች።

«አባባ፣ በእጅ የተጻፈ የመውጫ ወረቀት አይቀበሉም አሉ?»

«ማን አለ?»

«ሁሉም።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ አባባ ድንቁ፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ። «ያ ማሽናችሁ የሚያወጣው የጉንዳን ሰልፍ ነው። ሦስት ዓመት ገልብጬም አቃንቼም አየሁት፣ ያው ነው። በእጅ፣ በትልልቁ ጻፉልኝ፤ ማኅተም ካለው ደስ እያለኝ አሳልፋለሁ። ለመሆኑ ምን ያስሮጥሻል፣ ልጄ?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ እሱ ከመንቃቱ በፊት የሚነቃ ትንሽ ነገር አለ፤ ፈርምዌር ይባላል። በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ሦስት ዓመት አልታደሰም። ሌባው ደግሞ በየት በኩል እንደሚሰንፍ አውቆበታል።»

«ዘበኛ ነዋ!» አባባ ድንቁ ብድግ አሉ። «ሦስት ዓመት ፈረቃ ሳይቀየርለት? የሰው ግፍ! እንኳን እሱ፣ እኔም ሰኞ ያልተቀየረልኝ እንደሆነ ማክሰኞ ቆሜ ነው የማንኮራፋው። ነይ፣ ነይ!»

ዱላቸውን ይዘው ቀደሙ። እስክትደርስባቸው እትዬ የሺመቤት ጠረጴዛ ጋ ቆመው ነበር።

«የሺመቤት! በሩ እኔ ነኝ። እቀበላለሁ ብያለሁ!»

«ታዲያ እስከ ዛሬ አይናገሩም ነበር?»

«እስከ ዛሬ ትጠይቂኝ ነበር?»

እትዬ የሺመቤት ማኅተሙን ከአንገታቸው አወለቁ።

ዘበኛው እቀበላለሁ አሉ፣ ፈትለወርቅ ወረቀቱን በትልልቁ ጻፈች፣ ማኅተሙ ጧ ብሎ አረፈ፣ መኪናው አቧራውን አጭሶ ወጣ፣ ጋሽ ጌጤነህም ብርድ ልብሱን ገፈፉ፣ ላስቲኩን ገፈፉ፣ ዳንቴሉን ገፈፉ፤ ኮምፒውተሩ ተዘጋ።

ስክሪኑ ጠቆረ።

«ሞተ!» አሉ ጋሽ ጌጤነህ፣ ራሳቸውን ይዘው።

«አልሞተም። ዘበኛው እየተቀየረ ነው።»

«ፈትሌ፣ የእኔ ልጅ፣ ካልተነሳስ?»

«ይነሳል።»

አባባ ድንቁ ዱላቸውን ተደግፈው አጠገቡ ቆሙ። ጓደኛቸው ፈረቃ እስኪረከብ ሊጠብቁለት ነው። ግማሽ ሰዓቷ ለጋሽ ጌጤነህ ግማሽ ዓመት ሆነች፤ ጢማቸው በቅሎ ሆዳቸው ደረሰ ይባላል። ከዚያ ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ጢ አለና ተነሳ። ዝርዝሩም ሁለት ሺህ ብርድ ልብሱን ይዞ፣ አንድ ሳይጎድል፣ አብሮት ተነሳ። ድራይቨሩም ታደሰ። ፕሪንተሩ የነከሰውን ወረቀት ለቀቀ፤ ጽሑፉ ከመጥራቱ የተነሳ አባባ ድንቁ ወደ በራቸው ተመልሰው ከዚያው ሆነው አነበቡት።

ወዲያው ሌባው ደረሰ። የለመዳትን ቀዳዳ ፈለጋት፣ የለችም። ገፋ፣ አልተከፈተም። ደግሞ ገፋ፣ አልተከፈተም። ሲደክመው ምን ቢል ጥሩ ነው?

«በኋላ» አለ።

ጋሽ ጌጤነህ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ «ልታደስ?» ባለ ቁጥር ያቺን የጎደጎደች ጣታቸውን ይሰነዝሩና «አሁን» የምትለዋን ይጫናሉ። ዳንቴሉም ለሶፋ ተሰጠ። ሌባው ግን ዛሬም ድልድዩ ሥር ተቀምጦ፣ በብርዱ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «በኋላ፣ በኋላ» ይላል አሉ፤ ብርድ ልብስ የሚሸጥለት ጠፋ።

ተረቴን እዚህ ላይ ዘጋሁ፤ እናንተም ሄዳችሁ ዘግታችሁ ክፈቱ።