የተሰረዘችው ሰባት

ቁጭ በሉ፣ ልጆቼ። ከበሩ ጋ የቆማችሁትም ግቡ፤ አግዳሚው ላይ ያላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው። ረጅም ነገር አልያዝኩም። አንድ ሰው ላሳያችሁ ነው።

አንድ ሰው ነበሩ። በአንዲት የቡና ከተማ የሚኖሩ፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን የሚወዱ ሰው። ስማቸውን ጋሽ ጂግሶ እንበላቸው። ሠላሳ ዓመት በቡና መጋዘን ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተዋል። ሥራቸው ምን ነበር? ምልክት መፈለግ። አንዳንዱ ሠራተኛ ጠጠር የተቀላቀለበትን ጆንያ ለመለየት ከስፌቱ ሥር በከሰል ትንሽ ጭረት ያደርግበታል። ገዢው አያያትም። የሚያውቋት ጭረቷን ያደረጋትና ሸሪኩ ብቻ ናቸው። ጋሽ ጂግሶ ግን ጎንበስ ይሉና ስፌቱን በጣታቸው ገልጠው፣ «ይቺን ማን አደረጋት?» ይላሉ። በዚያች ጥያቄ ስንቱን ሌባ አስደንግጠዋል።

በኋላ ጡረታ ወጡ። ዓይናቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

ቤተ ክርስቲያናቸው አምሳ ዓመት ሊሞላት ሆነና ሽማግሌዎቹ መጽሐፍ እናሳትም አሉ። ታሪኩ፣ መዝሙሩ፣ በመጨረሻም ድንጋይ ተሸክመው የሠሯት ሰዎች ስም ይውጣ ተባለ። ባል በአንድ መስመር፣ ሚስት ከሥሩ በሌላ መስመር። ካረፈው ሰው ስም ጎን ትንሽ መስቀል።

ጽሑፉን በኮምፒውተር የምትጽፈው ጸዳለ የምትባል ሴት ነበረች። ያቺ ቤተ ክርስቲያን፣ ሳልነግራችሁ፣ ከዓመታት በፊት በጠብ ለሁለት ተከፍላ ነበር። ገሚሱ ወንዝ ተሻግሮ የራሱን ማኅበር አቆመ። ጸዳለ ከተሻገሩት ወገን ነበረች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ተመልሳ መጣች። ተቀበሏት። መቀበል ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ በእጅ መቀበል አለ፣ በልብ መቀበል አለ።

አሁን ስለ ሥራዋ ትንሽ ልንገራችሁ። እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፤ እንዳስረዱኝ ነው የምናገረው። አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት፣ «ጽሑፉን አታስጊጪው፣ ራቁቱን ላኪልን» አላት። ወፍራም ፊደል የለ፣ ትልቅ የለ፣ መሐል ላይ ማድረግ የለ። በየመስመሩ ፊት ብቻ፣ እንደ ክርን በታጠፉ ሁለት ትንንሽ ምልክቶች መካከል ቁጥር ታስገባለች። ‹1› ካለች ርእስ ነው። ‹2› ካለች ተራ ጽሑፍ ነው። ‹3› ካለች መዝሙር ነው። እዚያ ማተሚያ ቤት ገጽ የሚያሰናዳው ፕሮግራም ቁጥሯን ያነብና ርእሱን ያወፍራል፣ መዝሙሩን ገባ ያደርጋል፤ ከዚያ ቁጥሯን ራሷን ይውጣታል። መጽሐፉ ላይ አትታይም። ልብስ ሰፊ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሰምር የለ? ልብሱን ስትለብሱት ጠመኔውን ታዩታላችሁ? አታዩትም። ልክ የሆነላችሁ ግን በእሱ ነው።

ረቂቁ በወረቀት ወጣ። ስሕተት የሚያርመው ማን ይሁን ሲባል፣ ከጋሽ ጂግሶ የተሻለ ዓይን ያለው ማን አለ? ቀይ እስክሪብቶ ሰጧቸው።

አነበቡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚሉትን አዩ። ደስ አላላቸውም፤ ግን በሁሉም መስመር ላይ ስላሉ ተዉአቸው። ስሞቹ ዘንድ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። በራሳቸው ስም ፊት ሌላ ምልክት አለች። ‹7›።

በጎረቤታቸው ስም ፊት የለችም። በሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ በጋሽ ሮባ ስም ፊትም የለችም። ገጹን ገለጡ፤ እንደገና ገለጡ። በአሥራ አንድ ሰው ስም ፊት ብቻ ተቀምጣለች።

ወደ ቢሮ ሄዱ።

«ጸዳለ፣ እነዚህን ምልክቶች የሚያነባቸው ማን ነው?»

«ማተሚያ ቤቱ ነው፣ ጋሼ። ሕዝቡ አያያቸውም።»

«አያያቸውም?»

«መጽሐፉ ሲወጣ ይጠፋሉ። ቁጭ ይበሉና አንድ በአንድ ላስረዳዎት?» ወንበሩን ሳበችላቸው።

«አልደከመኝም» አሉና ወጡ።

ልብ በሉ፣ ልጆቼ። ወንበር ተስቦላቸው ነበር። ቢቀመጡ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ አይኖርም ነበር።

ግን ምን ሰምተው ወጡ? «ሕዝቡ አያያቸውም።» ሠላሳ ዓመት የያዙት ሌባ ሁሉ የሠራው ገዢው በማያየው ምልክት አይደለም ወይ?

ቀጥታ ጋሽ ሮባ ቤት። የአሥራ አንዱን ሰው ስም በወረቀት ጽፈው ይዘዋል።

«አንተ ደግሞ» አሉ ሮባ እየሳቁ፤ «ጡረታ ወጥተህም ጆንያ ትገለብጣለህ?»

«በአንተ ስም ላይ ቢሆን አትስቅም ነበር። እስቲ አንብበው። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ በዚያ ጠብ ጊዜ ምን ነበሩ?»

ሮባ አነበቡ። ስምንቱ በመከፋፈሉ ጊዜ ከማዶዎቹ ጋር ፊት ለፊት የተከራከሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ለምን ይመስልሃል?»

«እሱን እሷና የላኳት ያውቃሉ።»

«እንጠይቃታ።»

«ሌባን ምን እንዳየንበት አንነግረውም፣ ሮባ። ከነገርከው ምልክቱን ይለውጣል።»

አያችሁ ጥርጣሬ እንዴት እንደሚጋባ? ጉንፋን እንኳ እንዲህ ፈጥኖ አይጋባም። ስምንቱ ሰዎች ማን ነበሩ? ያረጁ ሰዎች ነበሩ። ያረጀ ሰው በዚያ ጠብ ጊዜም ሽማግሌ ነበር፤ ያረጀ ሰው ሌላም ነገር ደርሶበታል። ያንን ሌላ ነገር ግን ማንም አላሰበውም።

ጸዳለን ጠሯት። ስድስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል።

«ከማዶ ሰዎች ጋር ትገናኛለሽ?» አሉ ሮባ።

«እናቴ እዚያ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

እርስ በርስ ተያዩ። «አንድ የምናጣራው ጉዳይ አለ። እስከዚያ የቢሮውን ቁልፍ አስረክቢ።»

ጉዳዩ ምን እንደሆነ ጠየቀች። አልነገሯትም። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ሥራ ነው፤ ሁሉም ያውቃሉ። አልተከራከረችም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ረቂቁን ስትልኩ አደራ፣ ቁጥሮቹን አትንኩብኝ» አለች።

ይህን ስትል ጋሽ ጂግሶ ሮባን በክርናቸው ነካ አደረጓቸው። ምስክር ከዚህ በላይ የት ይገኛል?

ስድስት ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አንድ ሰው «ሰባት ምንድን ናት?» አላለም። ጋሽ ጂግሶ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥተው አሥራ አንዱንም ሰባት ሰረዙ። በየጎኑ «ይውጣ» ብለው ጻፉ። ማተሚያ ቤቱም የታዘዘውን አወጣ።

የበዓሉ እሑድ መጽሐፉ ደረሰ። ሕዝቡ እያንዳንዱ የራሱን ቤት ስም ይፈልጋል፤ ልጅ ለአባቱ ያሳያል። ጋሽ ጂግሶም መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉ። አገኙ። ስማቸው ከገጹ ግርጌ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ነው። ከሥሩ ምንም የለም።

ወይዘሮ አድነች የት አለች?

አድነች ሚስታቸው ናት። ካረፈች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ስሟ ሲነሣ ጋሽ ጂግሶ ከቤት ይወጣሉ፤ ስለዚህ በፊታቸው የሚያነሣት የለም። መጽሐፉን ይዘው ተነሡ። ፊታቸው ጠቆረ። «ይኸው፤ አላልኩም? ሚስቴን ከመጽሐፉ አወጣቻት» አሉ።

ከጎናቸው የተቀመጠች አሮጊት እጇን ሰደደችና ገጹን ገለጠችላቸው። «ይቺውትና፣ ጋሽ ጂግሶ።»

በሚቀጥለው ገጽ ራስ ላይ፣ ብቻዋን። መስቀሏ ጎኗ ላይ። ከላይዋ ማንም የለም፤ የማንም ያልሆነች ይመስል። እሳቸው እዚህ ግርጌ፣ እሷ እዚያ ማዶ። መሐላቸው አንድ ወረቀት።

ጋሽ ጂግሶ ተቀመጡ። ገጹን መለሱ፤ ገለጡ። መለሱ፤ ገለጡ። ያን ቀን መዝሙር ሲዘመርም አልተነሡም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ፍርድ ቤቱ በር ሄዱ። ጸዳለ ቁልፉን ካስረከበች ወዲህ እዚያ፣ በጃንጥላ ሥር፣ በአሮጌ የጽሕፈት መኪና ለባለጉዳይ ማመልከቻ ትጽፋለች። የባለጉዳይ ዱካ ፊቷ አለ። በዚህ ቀን ግን ማንም «ቁጭ ይበሉ» ሳይላቸው ቁጭ አሉ። መጽሐፉን ገልጠው ከጽሕፈት መኪናው ጎን አኖሩት።

አየችው። ወዲያው ገባት።

«ሰባቷን አወጧት?»

«እኔ ነኝ ያወጣኋት። ምን ነበረች?»

«ማያያዣ ናት፣ ጋሼ። ፕሮግራሙ ገጽ ሲሞላበት መስመሩን ባገኘው ቦታ ቆርጦ ወደ ማዶ ይጥለዋል። ሰባት ያለበትን ግን አይለይም። ሚስት ወደሚቀጥለው ገጽ ከሄደች ባልም አብሯት ይሄዳል።»

«ታዲያ ለምን ለሁሉ አላደረግሽም?»

«ለሁሉ ከተደረገ ገጹ ባዶ ባዶ ይሆናል፣ ለሚያስፈልገው ብቻ አድርጊ አሉኝ ማተሚያ ቤቶቹ። እኔም ለማን ልስጥ ብዬ አሰብኩ።» ጣቷን በጽሕፈት መኪናው ላይ አሳረፈች። «ሁለቱም በሕይወት ያሉት ማታ ቤታቸው ይገናኛሉ፤ ወረቀት ቢለያቸው ምን ይሆናሉ? አንዱ ያረፈባቸው አሥራ አንድ ቤቶች ናቸው። እነሱ ከዚህ መስመር በቀር የት ይገናኛሉ ብዬ ነው።»

ጋሽ ጂግሶ ዓይናቸውን ከገጹ አላነሡም። ተራ የሚጠብቅ ባለጉዳይ፣ «አባት፣ ከጨረሱ ይነሡልን» አላቸው። አልሰሙትም።

«ልትመልሺያት ትችያለሽ?»

«የታተመ ነው፣ ጋሼ።»

«አይመለስም?»

«አይመለስም።» ከዚያ እስክሪብቶዋን አቀበለቻቸው። ቀይ አልነበረም። ጋሽ ጂግሶም በገጹ ግርጌ፣ ከስማቸው ሥር ባለችው ጠባብ ቦታ፣ «አድነች» ብለው ጻፉ። ስሟን ከአፋቸውም ከእጃቸውም ካራቁት ሁለተኛ ዓመቱ ነበር።

ከአሥራ አንዱ ቤት ሌሎች ሁለት ቤቶችም እንዲሁ ተለያይተው ነበር። እዚያም በእግራቸው ሄዱ። ሮባን ይዘው፣ «ያለያየናችሁ እኛ ነን» ብለው የተለየውን ስም ከግርጌው ጻፉላቸው። እሑድም በሕዝቡ ፊት ቆመው ሰባት ምን እንደነበረች ተናገሩ። ጸዳለ ወደ ቢሮው ተመለሰች ወይ ትሉኝ ይሆናል። ቁልፉን ወሰዱላት። «ላስብበት» አለች። እስካሁን እያሰበች ነው። መብቷ ነው። እሑድ እሑድ ግን ትመጣለች፤ ጋሽ ጂግሶም ቦታ ይይዙላታል።

እንግዲህ፣ ልጆቼ፣ ወደ እናንተ ልዙር።

እኔ ዝም ብላችሁ ሁሉን እመኑ አልላችሁም። ከጆንያ ሥር ጠጠር አለ፤ አይቻለሁ። ጂግሶ በመጋዘኑ ባይጠረጥሩ ኖሮ ስንቱ ድኻ ጠጠር ይገዛ ነበር። የሚያይ ዓይን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ግን ያዩትን ምልክት ሁሉ የከሰል ጭረት አደረጉት። እኛስ?

በስምህ ፊት የማታውቀው ምልክት አይተሃል? ባልሽ ሰሞኑን ዝም ብሏል? ምራትሽ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ስምሽን ሰምተሻል? ልጃችሁ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል? እግዚአብሔርስ በሕይወታችሁ ላይ ያልገባችሁን ነገር አስቀምጧል? በእናንተ ላይ እንደሆነ ማን ነገራችሁ? የጻፈውን ጠየቃችሁት? ወንበር ተስቦላችሁ፣ «አልደከመኝም» ብላችሁ አልወጣችሁም?

ስንቶቻችን ነን ያያያዘንን ነገር ሊለየን የመጣ መስሎን በገዛ እጃችን የሰረዝነው? ከሰረዝን በኋላ ደግሞ፣ «ወሰዱብኝ» ብለን የምንጮህ?

እኔም እፈራለሁ፣ ልጆቼ። ቀይ እስክሪብቶ በሁላችን ኪስ አለ።

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ያን እስክሪብቶ የምታወጡበት ቀን ሲመጣ፣ ከመሰረዛችሁ በፊት ጥቂት ቁጭ በሉ። ከገጹ ራስ ላይ ብቻዋን የቀረችውንም አድነችን አስቡልኝ።