ጫማ የሌለበት የጫማ ቤት ፎቶ

አንዲት ሴት ሀዋሳ ውስጥ ጫማ ትሠራለች። የምትሠራው ግን እኔና እናንተ ገበያ ወጥተን የምንለካውን ዓይነት አይደለም። አንድ እግሩ ያጠረ፣ ተረከዙን መሬት ማስነካት ያቃተው፣ ስኳር እግሩን ያቆሰለበት ሰው ነው እሷ ዘንድ የሚሄደው። እግሩን በእጇ ይዛ ትለካለች፣ ወረቀት ላይ ትስለዋለች፣ ከዚያ ለዚያ ሰው እግር ብቻ የሚሆን ጫማ ትሰፋለች። ይህን ስታደርግ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ዳመነች ትባላለች።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እንዲህ ያለ እጅ ያላት ሴት ሥራ ታጣለች? ታጣለች እንዴ?

አጣች፣ ወገኖቼ።

ሱቋ ድሮ ሆስፒታል በር ላይ ነበረች። ከሐኪም የወጣ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ተነሽ ተባለችና ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። የድሮ ደንበኞቿ መጥተው ሲጠይቁ «ተነስታለች፣ የት እንደገባች እንጃ» ይባላሉ። ስምንት ወር እንዲህ ሆነ። ጠዋት ትከፍታለች፣ የስፌት ማሽኗን ዘይት ትቀባለች፣ ማታ ትዘጋለች። ታላቅ እህቷ «አንቺ፣ ይሄን ነገር ተይና ጁስ ቤት አድርጊው» እያለች ነጋ ጠባ ትነዘንዛታለች። ማሽኑን የሚገዛ ሰውም ተገኘ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሠኝ» አለችው። በልቧ ግን ሥራውን ተሰናብታዋለች።

ሰነፍ ነበረች እንዳትሉኝ። ፎቶ ቤት ያለው ጎረቤቷ «ሱቅሽን ጎግል ካርታ ላይ ላስገባልሽ» ሲላት እሺ ብላለች። «ምን ብዬ ልጻፍ?» አላት። ኮራ ብላ «ኤልሻዳይ በል» አለችው። «ሌላስ?» «ሌላ ምን ያስፈልጋል? ከዚህ ስም በላይ ምን አለ?» «ፎቶስ?» ስልኳን ከፍታ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያሳይ፣ ላዩ ላይ ጥቅስ የተጻፈበት ምስል ሰጠችው። ጫማ የት አለ? የለም! ሳቁ፣ ሳቁ። የእናንተም ስልክ በዚህ ምስል የተሞላ መሆኑን አውቃለሁ፤ የእኔንማ አትጠይቁኝ።

ለመሆኑ በየከተማው ስንት ኤልሻዳይ አለ? መዋለ ሕፃናቱ ኤልሻዳይ፣ ፀጉር ቤቱ ኤልሻዳይ፣ ብሎኬት ማምረቻው ኤልሻዳይ፣ በየሰፈሩ ደግሞ አጥቢያው ኤልሻዳይ። ከዚያ ሁሉ መካከል ከወፍጮ ቤት ጀርባ ያለችውን ጫማ ሰፊ ማን ይለያታል?

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደ። አንዲት እናት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጇን ይዛ ለመጠለል የዳመነች በር ላይ ቆመች። ቦጋለች ትባላለች፤ ከይርጋለም ነው የመጣችው። ዳመነች «ግቡ እንጂ፣ ምን በዝናብ ያስደበድባችኋል!» አለችና አስገባቻቸው። እንደ ልማዷም ዓይኗ ወደ እግር ሄደ። የልጅቷ አንድ እግር አራት ጣት ያህል አጥሯል። በዚያ እግሯ ጫማ ሥር የተቆራረጠ ሲሊፐር ተደራርቦ በሚስማር ተመትቷል።

«ይሄን ማን ሠራላት?»

«እኔው ነኝ» አለች ቦጋለች አንገቷን ደፍታ። «ምን ላድርግ እህቴ? ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ሚስማሩ እየወጣ ይወጋታል፣ እኔ መልሼ እመታዋለሁ።»

ዳመነች ተንበርክካ ጫማውን አወለቀችላት። እንደተንበረከከችም እንባዋ መጣ። «እኔኮ ሥራዬ ይሄ ነው! ጎግል ላይም አለሁ፤ ምነው አላየሽኝም? ኦርቶፔዲክ ጫማ ብለሽ አልፈለግሽም?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እናትየዋ። ስልኳን አውጥታ እሷ የጻፈችውን አሳየቻት፦ አንድ እግሯ ላጠረ ልጅ ጫማ የት ይሠራል። ከዚያ ካርታውን ከፍታ አካባቢውን ስታጎላ ድንገት ቆም አለች። «ይሄ ነው እንዴ ያንቺ? ይሄንንማ በመስቀል ሰሞን ለሐኪም ስንመጣ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም?»

«ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ አለፍኩት።»

እኔ ዳመነችን የማደንቃት ከዚህ በኋላ ባደረገችው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ሕዝቡ አያውቅም» ብሎ ይበሳጫል። የምስክር ወረቀቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ኦርቶፔዲክ የሚለው ቃል እዚያ ላይ በትልቁ አለ፤ ለፍታ ያገኘችው ቃል ነው። እሷ ግን ደብተር አወጣችና ቦጋለች የተናገረችውን፣ አንድ ፊደል ሳታሳምር፣ ጻፈችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሯን የረገጠውን ሁሉ፣ እህል ለማስፈጨት ወረፋ የሚጠብቀውን ጭምር፣ ትጠይቅ ጀመር። «እግርህን ሲያምህ ምን ብለህ ነው የምትናገረው? ስልክህ ላይ ምን ብለህ ትጽፋለህ?» አንዱ «ጠዋት ስነሳ ተረከዜን የሚያመኝ» አለ። አንዷ «ስኳር ላለበት ሰው እግር የማይልጥ ጫማ» አለች። በሲዳምኛ የነገሯትንም በሲዳምኛ ጻፈች። ያን ሁሉ ይዛ ጎረቤቷ ዘንድ ሄደችና ካርታው ላይ እንዳለ አስገባችው። የፀሐይዋን ምስል አስነስታ የልጅቷን አሮጌ ጫማና እሷ የሰፋችላትን አዲሱን ጎን ለጎን አኖረች። ቦጋለች ፈቅዳ ነው።

አጠያይቀው ያገኟት ጥቂት የድሮ ደንበኞቿ እዚያ ላይ አስተያየት ጻፉ ሲባሉ ሁሉም «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብቻ ይጽፋሉ። ምን ትላቸው ነበር? «ምርቃቱን እዚሁ ፊቴ መርቁኝ፣ አሜን እላለሁ። እዚያ ላይ ግን እግራችሁ ምን ሆኖ እንደመጣችሁ፣ ምን እንደሠራሁላችሁ ጻፉ፤ እንደናንተ የሚያመው ሰው ያንብበው።»

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጋሽ ሄራሞ፣ አዲሱን ሰሌዳዋን አይተው ቅር አላቸው። ላይኛው መስመር ላይ በትልቁ «አንድ እግሩ ላጠረ ሰው ጫማ እንሠራለን» ይላል፤ ኤልሻዳይ ከሥሩ ነው።

«ዳመነች፣ ስሙን ታች አወረድሽው?»

«ጋሼ፣ እግሩን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እግሩን የሚያይለት ሰው ነው። ደህና ቆሞ ሲሄድ ግን የቤቱን ስም ራሱ ይጠይቀኛል።»

ጋሽ ሄራሞ እንደሚታወቁት በቀላሉ አይረቱም። በዚያ ቀን ግን ሰሌዳውን ደግመው አነበቡና መርቀዋት ሄዱ።

ታዲያ በማግስቱ ሰው ጎረፈ? አልጎረፈም። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ስልኳ ዝም አለ። ወሩ አለቀና ማሽኑን የሚገዛው ሰው መጣ። «አልሸጥም» አለችው።

«ሥራ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም። የሚፈልጉኝ ሰዎች እንዳሉ ግን አሁን አውቄያለሁ። ሲመጡ ባዶ ክፍል እንዲጠብቃቸው አልፈልግም።»

ስሙኝ፤ ይህን ስትል በእጇ አንድ ትእዛዝ አልነበራትም! ይህቺ ሴት አታስቀናም? እኔን አስቀንታኛለች።

ከዚያ ከዲላ አንድ ሰው ደወለ። ከዚያ ከአለታ ወንዶ። «ተረከዜን ያመኛል ብዬ ስጽፍ መጀመሪያ የመጣሽልኝ አንቺ ነሽ» አላት አንድ ጡረታ የወጣ መምህር። ዛሬ ክፍሏ ውስጥ ወረፋ አለ፤ አብራት የምትሰፋ ሌላ ሴትም ቀጥራለች።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አይከፋችሁ፤ ከእናንተ በፊት እኔን ነው የነካኝ። ያቺ እናት ለምን አለፈች? ቤተ ክርስቲያን መስሏት! ልጇ እያነከሰች፣ እርዳታ ስትፈልግ ሁለት ዓመት ተንከራትታ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው ብላ ስታስብ እዚህስ ይረዱኝ ይሆናል ብላ ለመግባት አልዳዳትም። አለፈች።

እኛ ስማችንን በሚገባ ጽፈናል። ሰሌዳችን ከሩቅ ይታያል፣ ድምፅ ማጉያችን ሦስት ሰፈር ይሰማል። የሚያስታምመው ያጣ ሰው፣ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት፣ ፈተና ወድቆ ከቤት መውጣት ያፈረ ወጣት፣ ጭንቁን በራሱ ቃል ሲናገር ግን የእኛ ደጅ ትዝ ይለዋል? የእኛን ቃል እስኪማር ድረስ ይጠብቀን? ወይስ እኛ ደብተር አውጥተን የእሱን እንማር?

እንግዲህ አደራ። በዚህ ሳምንት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። ስለ ራሳችሁ ለመናገር አትቸኩሉ። «ምን ፈልገሽ አጣሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ተናግራ እስክትጨርስም ዝም በሉ።