ኮምፒውተሩ ከካርድ ሳጥኑ የተማረው

ዕቃ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ተማሪም መጽሐፍ ሲፈልግ መሳቢያ በሚስብበት በዚያ ደግ ዘመን ነው አሉ።

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የካርድ ሳጥን ነበረ። የመጻሕፍቱ ሁሉ ስም በካርድ ተጽፎ፣ በፊደል ተራ በሆዱ ተደርድሯል። ተማሪ መጥቶ "ስለ ድልድይ አለህ?" ሲለው፣ "አለኝ፤ ቀስ ብለህ ፈልግ" ይለዋል። ተማሪውም ድልድይን ሲፈልግ ድመትን ያገኛል፣ ድርሰትን ያገኛል፣ ድጓን ያገኛል። ለአንድ መጽሐፍ መጥቶ ሌላም አቅፎ ይሄዳል። ደስ ይል ነበር፣ ልጆቼ።

ኋላ ኮምፒውተር መጣ። ሳጥኑም መጋዘን ገባ። ኮምፒውተሩ ፈጣን ነው፤ የጠየቁትን፣ የጠየቁትን ብቻ፣ ቶሎ ይሰጣል።

ትርሲት የምትባል የምህንድስና ተማሪ ነበረች። መጣች።

"ስለ ድልድይ።"

"ይኸው።"

ወስዳ ሄደች። ደግማ መጣች።

"ስለ ድልድይ።"

"ይኸው።"

ወስዳ ሄደች። በሦስተኛው ግን መጥታ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

"ምን ሆንሽ?" አላት ኮምፒውተሩ።

"ቁጥር ብቻ ሆነብኝ። ለማን እንደምማረው ጠፋኝ። ነገ መጻሕፍቱን መልሼ አገሬ እገባለሁ።"

ኮምፒውተሩም መጋዘን ውስጥ የምትኖረውን አይጥ ጠራት።

"እመት አይጥ፣ እባክሽ አያ ሳጥንን ጠይቂልኝ። ተማሪዎቹን እንዴት ነበር የሚያስደስታቸው?"

እመት አይጥ ሄዳ ጠየቀች። ሳጥኑ አቧራው ውስጥ ሆኖ፣ "እኔን የሚያስታውስ አለ እንዴ?" አለ። "ምንም ብልሃት አልነበረኝም በይው። የፈለጉትን ስሰጥ ጎረቤቱንም አሳይ ነበር።"

በማግስቱ ትርሲት መጻሕፍቷን ተሸክማ መጣች።

"ከመሄድሽ በፊት የድልድይን ጎረቤቶች ላሳይሽ?" አላት ኮምፒውተሩ።

"ደግሞ ድልድይ ምን ጎረቤት አለው?"

"በሌላ የትምህርት ክፍል ያሉ ናቸው። እስቲ እዪ።"

ስለ ወንዝ ዳር ዛፎች አሳያት፤ አለፈችው። ስለ ጥንት ግንበኞች አሳያት፤ ጥቂት ገለጠችና አለፈችው። የሙሾ ግጥሞች አሳያት፤ ቁጭ አለች። ወንዝ ሞልቶባት ለእናቷ ቀብር ሳትደርስ የቀረች ሴት፣ ከማዶ ቆማ ያወረደችው ሙሾ ነበር። ትርሲት የአገሯን ወንዝ አስታወሰች። ክረምት በገባ ቁጥር ስንቱ ከማዶ ይቀር እንደነበር አስታወሰች።

"ለካ የምማረው ለዚህች ሴት ኖሯል!" አለች። የድልድዩን መጻሕፍት ሳትመልስ፣ የሙሾውንም ጨምራ ወደ ማደሪያዋ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ ከሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ኋላ ትቀመጥ ጀመር። ምህንድስናውንም ጨረሰች። ኮምፒውተሩም ለሕግ ተማሪው የእርሻን፣ ለሕክምና ተማሪው የዜማን መጽሐፍ ማሳየት ለመደ። ሳጥኑ ግን ከመጋዘኑ አልወጣም። እመት አይጥ ወሬውን ስታደርስለት፣ "ተመስገን" ይል ነበር አሉ።

እና ልጆቼ፣ ተማሪ የራሱን ትምህርት የሚወደው አንዳንዴ የሌላውን ደጃፍ ረግጦ ሲመለስ ነው። የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ለሌላው ንገሩ።