ወደ ትርፍ የሚወስደው መንገድ

ጠጋ በሉ ልጆች፤ ይህን ተረት ሳወራ እናደዳለሁና ታገሡኝ።

በድሮ ዘመን፣ ቅቤ በቅል ተሞልቶ በበቅሎ ገበያ በሚወጣበት ጊዜ፣ ገሰሰ የሚባል ነጋዴ ነበረ። ምላሱ ጣፋጭ፣ ጆሮው ወሬ የሚወድ። አትጠገብ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትም ነበረች። ቁጡ ናት፤ ቁጣዋ ግን ያለ ምክንያት አይነሣም። ባሏ የተወላት አንዲት ቦራ በቅሎ ብቻ ነበረች፤ ልጆቿን የምታሳድገውም በእሷ ነው።

"እታለም፣ በቅሎሽንና ቅቤሽን ከእኔ ጋር አቀናጂ፤ እንከብራለን" አላት።

"ወዴት ልንሄድ፣ አያ ገሰሰ?"

"ወደ ደጋው ገበያ።"

ደጋ ብርድ ነው፤ ቅቤ አይቀልጥም። እሺ አለች። ቅቤዋን በእሱ በቅሎዎችና በእሷ ቦራ ላይ ጭነው ተነሡ።

መንታ መንገድ ላይ አንድ መንገደኛ፣ "ወንዝ ማዶ ሠርግ አለ፤ ቅቤ ጠፍቷል" አለ። ገሰሰ በቅሎዎቹን አዞረ።

"ወዴት ነው?"

"ትርፍ ወዳለበት።"

ሲደርሱ ድንኳኑ ፈርሷል፤ ሙሽሮቹም ሄደዋል።

ሌላ መንገደኛ፣ "ባላባቱ ግብር ሊያበላ ነው" አለ። ገሰሰ አሁንም አዞረ።

"ወዴት ነው?"

"ትርፍ ወዳለበት።"

ሲደርሱ ባላባቱ ቅቤውን ከጢሰኞቹ አስገብቶ ጨርሷል።

ሦስተኛው መንገደኛ፣ "ቆላ ቅቤ በወርቅ ይሸጣል" አለ። ይሄኔ የአትጠገብ ደም ፈላ።

"አንተ ሰውዬ፣ ቅቤ ጭነህ ቆላ ትወርዳለህ? ፀሐዩን በምን ልታልፈው ነው? በቅሎዎቹስ ውሃ የት ይጠጣሉ?"

"ጥያቄ አታብዢ። ትርፍ ወዳለበት ነው።"

ጥላው እንዳትመለስ ቅቤዋ በእሱ በቅሎዎች ጀርባ ላይ ነው። እያረረች ተከተለችው።

በቆላው ፀሐይ ቅቤው ቀልጦ በበቅሎዎቹ ሆድ ላይ ፈሰሰ። ቦራዋ ውሃ አጥታ ተኛች፤ አልተነሣችም። አትጠገብ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና የገሰሰን ኩታ ከነጠላዋ ጋር ቋጥራ፣ በቁራኛ እየጎተተች ዳኛ ፊት አቆመችው።

"ገሰሰ፣ ወዴት ስትሄድ ነበር?" አሉ ዳኛው።

"ወደ ትርፍ፣ ጌታዬ።"

"የት እያደርክ? ውሃ ከየት እየጠጣህ?"

ገሰሰም፣ "ብቻ ወደ ትርፍ ነበር" አለ። ሸንጎው ሳቀ።

"አትሳቁ" አለች አትጠገብ። "ቤት ልጆች አሉኝ። መንገዱን ደብቆኝ ቢሆን ሌባ ብዬው በወጣልኝ። እሱ ግን ራሱም አያውቀውም። ምኞቱን መንገድ ብሎ በእኔ በቅሎ ላይ ጫነው።"

የሳቀው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ዳኛው የገሰሰን በቅሎዎች በሙሉ ለአትጠገብ ፈረዱላት። ባዶዎቹን ቅሎች ግን በገሰሰ ጀርባ ላይ አስጫኑና፣ "በል፣ ወደ ትርፍህ ሂድ" አሉት። ዛሬም በየመንታ መንገዱ ይጠይቃል፤ መንገዱን የሚያሳየው አላገኘም።

ልጆች፣ መክበር መፈለግ ምኞት ነው፤ ማንም ይመኛል። የምትደርሱበትን፣ የምታድሩበትንና ውሃ የምትጠጡበትን ሳታውቁ ግን የሰው በቅሎ አትጫኑ።